ክራኮው በአንድ ቀን፦ አሮጌውን ከተማ በር ሳይዘጋብዎት ለማየት

ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችን በፖላንዷ ክራኮው ስቀበል ዓመታት ተቆጥረዋል። ያለ እኔ የወጡ ቀን የሚገጥማቸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። በ10፡00 ከባቡር ይወርዳሉ፣ አደባባዩ ላይ ፎቶ ይነሣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ፤ ከዚያ በ14፡00 የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ያለበት ቫቬል ኮረብታ ላይ ሲደርሱ የዕለቱ ትኬት አልቋል። ማታ ይደውሉልኝና "ከተማው ያምራል፤ ግን የትም አልገባንም" ይሉኛል።

ከተማው ትንሽ ነው። ከሰሜኑ በር ተነሥቶ ቫቬል ግርጌ ለመድረስ በእግር 25 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማንም በርቀቱ አይሸነፍም፤ ሰውን የሚጥለው ሰዓቱ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው አንድ ትኬት ቆርጦ አብያተ ክርስቲያናቱን በሙሉ መዞር ለምዷል። ላሊበላና የክራኮው አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ዝርዝር ላይ አብረው ቢሰፍሩም፣ እዚህ እያንዳንዱ በር የራሱ ትኬት፣ የራሱ የመክፈቻ ሰዓትና የራሱ ሰልፍ አለው። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አያዛቡ።

ከሁሉ በፊት፦ የትኛው ሰዓት?

እዚህ የምጽፋቸው ሰዓቶች በሙሉ የፖላንድ ሰዓት እንደሚያሳየው ናቸው። 9፡00 ስል በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ትኬት ላይ 13፡20 ካለ ከቀኑ 7፡20 ነው። ይህ ለሁላችሁም ግልጽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለት እህትማማቾች በስልክ "ሦስት ሰዓት ላይ ቫቬል በር" ተባብለው፣ አንደኛዋ በ9፡00 ቆማ ስትጠብቅ ሌላዋ በ15፡00 ብቅ ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ትኬቱ የ9፡20 ነበር። ሰዓት በቃል አይቀጣጠሩ፤ የትኬቱን ፎቶ ይላኩ።

1. ቀኑን ይምረጡ

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቀን የተሻለ ነው። ሰኞ በርካታ ሙዚየሞች ይዘጋሉ ወይም በከፊል ብቻ ይከፈታሉ። ቅዳሜ የአይሁድ ሰንበት ስለሆነ በካዚሚዬዥ ሰፈር ያሉ አብዛኞቹ ምኩራቦችና የጥንቱ መቃብር ዝግ ናቸው። እሑድ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱ እስከ ቀትር በቅዳሴ ይያዛሉ፤ የግድ እሑድ መሄድ ካለብዎት መጨረሻ አካባቢ ያለውን የእሑድ ቅደም ተከተል ይጠቀሙ።

ከበዓላት መካከል ሰውን የሚያስደነግጠው የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነው፤ በኖቬምበር 1 አገሩ በሙሉ ወደ መቃብር ስፍራ ይሄዳል፣ ከተማው ጭር ይላል። የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም በካቶሊኮች አቆጣጠር የትኛው ሳምንት ላይ እንደሚውል አስቀድመው ይመልከቱ።

በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው 15፡40 አካባቢ ነው። በክረምት ከመጡ ከቤት ውጭ የሚታየውን ሁሉ ከዚያ በፊት ይጨርሱ።

2. ትኬት ያስይዙ፤ የትኛውን?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ቫቬል ኮረብታ ላይ ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች አሉ፦ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ነው፤ ካቴድራሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአንዱ ትኬት ለሌላው አይሠራም። "የቫቬል ትኬት" የሚባል አንድ ነገር የሸጠልዎት ሰው ካለ፣ ካቴድራሉ ይኑርበት አይኑርበት ይጠይቁ።

ሀ) ቤተ መንግሥቱ፦ በውስጡ በርካታ የጉብኝት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሸጣል፣ መግቢያው በሰዓት የተወሰነ ነው፣ የሰው ቁጥርም ውስን ነው። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የሕዝብ እንደራሴዎች አዳራሽ ያለበትን መስመር ይያዝ። ከሳምንት በፊት በሙዚየሙ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ይግዙ፤ የመጀመሪያውን የጠዋት ሰዓት ይምረጡ። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጡት ገጾች ብዙውን ጊዜ ገዝተው መልሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ወይም "አስጎብኚ ተካትቷል" ካለ ገጹን ዘግተው ይውጡ።

ለ) ካቴድራሉ፦ በዕለቱ እዚያው መግዛት ይቻላል። ትኬቱ የነገሥታቱን መቃብርና የደወሉን ማማ ያካትታል።

ሐ) የቅድስት ማርያም ባዚሊካ፦ በዕለቱ እዚያው።

መ) የቻርቶሪስኪ ሙዚየም፦ የሌዎናርዶ ዳ ቪንቺን "ኤርሚን የያዘች ሴት" የተባለውን ሥዕል (ኤርሚን ትንሽ ነጭ እንስሳ ናት) ማየት የሚፈልግ ሰው በሰዓት የተወሰነ ትኬት አስቀድሞ ይያዝ፤ ከ15፡30 በኋላ ያለውን ይምረጡ።

ሠ) ከአደባባዩ በታች ያለው የከርሰ ምድር ሙዚየም፦ ይህም በሰዓት የተወሰነ ነው። በአንድ ቀን ከቻርቶሪስኪ ጋር አያጣምሩት። ሁለቱንም የሞከሩ እንግዶቼ ሁለተኛው ላይ ወንበር ፍለጋ ነበሩ።

ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን በነጻ ሊያስገቡ ይችላሉ። ነጻ ቀን ማለት ረጅም ሰልፍ ማለት ነው፤ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አትመኙት።

3. ምን ይያዙ?

ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፦ በሼንገን ውስጥ ቢጓዙም ሁለቱንም ይዘው ይውጡ። ለተማሪ ቅናሽ የተማሪ መታወቂያ ይጠየቃል፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ ሁሉም ጋ አይሠራም።

ጫማ፦ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ተረከዙ ቀጭን ጫማ ድንጋዮቹ መካከል ይገባል።

ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን። ነጠላ ወይም ሻሽ የለመዱ እናቶች እንደ ልማዳቸው ቢያደርጉት ማንም ምንም አይላቸውም። ወንዶች አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ምኩራብ ሲገቡ ራስ ይሸፈናል። ጫማ የትም አይወልቅም። አንድ አጎቴ ካቴድራሉ በር ላይ ጫማቸውን ፈትተው የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ፣ ከኋላቸው የነበረው የቱሪስት ቡድን በሙሉ በትሕትና ቆሞ ጠብቋቸዋል።

ገንዘብ፦ መገበያያው ዝሎቲ ነው፤ ካርድ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ይሠራል። ለመጸዳጃ ቤትና ለትንንሽ ነገር ጥቂት ሳንቲም ይያዙ። ዩሮ ወይም ዶላር ለመመንዘር "ካንቶር" የሚባል ቤት ይፈልጉ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን ይለፉት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዋጋ አለ፦ "ስኩፕ" እነርሱ ከእርስዎ የሚገዙበት ነው፣ "ስፕሼዳሽ" የሚሸጡበት። እርስዎን የሚመለከተው "ስኩፕ" ነው። አንዳንድ ቤቶች በትልቁ የሚጽፉት የመሸጫውን ብቻ ነው። ብሩን ከመስጠትዎ በፊት "ለ100 ዩሮ ስንት ዝሎቲ?" ብለው ቁጥሩን በማስሊያ ያስጽፉ። ኤቲኤም ሲጠቀሙ ማሽኑ "በራስዎ አገር ገንዘብ ላስላልዎት?" ካለ እምቢ ይበሉ፤ በዝሎቲ እንዲቆረጥ ይምረጡ። ልዩነቱ የአንድ ምሳ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

4. ከጣቢያው መውጣት (8፡00)

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሐል ከተማ ባቡር አለ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዋናው ጣቢያ ከአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ሱቅ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ሻንጣ ካለዎት ጣቢያው ውስጥ ባለው መቆለፊያ ሣጥን ያስቀምጡ፤ የሣጥኑን ቁጥርና የቆመበትን ቦታ ፎቶ ያንሡ።

አደባባዩ ጋ በእግር የሚሄድ ሰው ወደ አሮጌው ከተማ የሚያመላክተውን ምልክት ተከትሎ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ይወጣል፤ ዛፎች ሲታዩት ደርሷል ማለት ነው። እኛ ግን አሁን ወደ አደባባዩ አንሄድም። በትራም ቀጥታ ወደ ቫቬል ፌርማታ ይሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም። የወረቀት ትኬት እንደተሳፈሩ ትራሙ ውስጥ ባለች ትንሽ ማሽን ውስጥ ከትተው ሰዓት ማስመታት አለብዎት። ተቆጣጣሪዎች የደንብ ልብስ ሳይለብሱ ይገባሉ፤ "አላወቅሁም ነበር" የሚለውን ቃል በሁሉም ቋንቋ ሰምተውታል።

ትራም ቢያመልጥዎት ወይም መስመሩ ቢዘጋ፦ አሮጌውን ከተማ የሚከብበውን የፕላንቲ መናፈሻ ይዘው በእግር ይሂዱ። የከተማው ግንብ የነበረበት ቦታ ላይ የተተከለ፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞር የዛፍ ቀለበት ነው። በግማሽ ሰዓት ቫቬል ያደርስዎታል፤ መጥፋት አይቻልም።

5. ቫቬል (9፡00–11፡00)

በ8፡45 ኮረብታው ላይ ይሁኑ። በሩ አብዛኛውን ጊዜ በ9፡00 ይከፈታል፤ የወቅቱን ሰዓት በዋዜማው ማታ ድረ ገጹ ላይ ያረጋግጡ።

ሀ) መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ። ትልቅ ቦርሳ ስለማያስገቡ አስቀድመው ያስረክቡ፤ ይህ ብቻ 10 ደቂቃ ይበላል። የእንደራሴዎቹ አዳራሽ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ የተሸመነ ምንጣፍ አይተው አይለፉ፤ ቀና ይበሉ። ጣሪያው በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ነው፤ ከሣጥኖቹ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጹ የሰው ራሶች ወደ ታች ያዩዎታል። በፊት 194 ነበሩ፤ የቀሩት 30 ናቸው። ከመካከላቸው አፏ በጨርቅ የታሰረ ሴት አለች። እስክታገኟት አትውጡ፤ ለልጆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም።

ለ) ቀጥሎ ካቴድራሉ። ትኬቱ የሚሸጠው ውስጥ አይደለም፤ ከመግቢያው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ነው። በሩ ጋ በግራ በኩል በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ግዙፍ አጥንቶች አሉ፤ በተረት ከኮረብታው ሥር ይኖር የነበረው ዘንዶ አጥንት ነው ይላሉ የከተማው ሰዎች፣ ከጥንት አውሬ የቀረ መሆኑን እያወቁ። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ።

ወደ ደወሉ ማማ ይውጡ። ደረጃው የእንጨትና ጠባብ ነው፤ ምሰሶዎቹ መካከል ጎንበስ ብሎ ማለፍ ይጠይቃል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሽማግሌዎች ታች ይጠብቁ። ዚግመንት የተባለው ደወል እ.ኤ.አ. በ1520 ከቀለጠ ብረት የተሠራ ሲሆን ወደ 13 ቶን ይመዝናል፤ ለመደወል 12 ሰው ያስፈልገዋል። የሚደወለው በታላላቅ በዓላት ብቻ ስለሆነ ድምፁን እሰማለሁ ብለው አይጠብቁ።

ከማማው ወርደው ወደ ነገሥታቱ መቃብር ይግቡ። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መውጫው ከገቡበት በር ይለያል። ቤተሰብ የሚጠፋፋው እዚህ ስለሆነ ከመግባትዎ በፊት የመገናኛ ቦታ ይወስኑ።

ሐ) የዘንዶው ዋሻ፦ ልጆች ከሌሉ ይለፉት። ከልጆች ጋር ከሆኑ ግን የመጨረሻ ያድርጉት፤ ምክንያቱም ጠመዝማዛውን ደረጃ ወርደው የሚወጡት ኮረብታው ግርጌ፣ የቪስዋ ወንዝ ዳር ነው። መጀመሪያ የገባ ሰው ኮረብታውን ዳግመኛ ይወጣዋል። ዋሻው በክረምት ዝግ ነው። መውጫው ላይ የቆመው የዘንዶ ሐውልት በየጥቂት ደቂቃው እውነተኛ እሳት ይተፋል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ልጆችን ራቅ አድርገው ያቁሙ።

*የቤተ መንግሥቱ ትኬት ካለቀ*፦ ከኮረብታው አይውረዱ። ባለ ቅስት ሰገነቱ የውስጥ ግቢ በነጻ ይታያል፤ ካቴድራሉም ክፍት ነው። ለሌላ መስመር ትኬት ተርፎ እንደሆነ መስኮቱ ላይ ይጠይቁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያልቁም።

*የትኬትዎ ሰዓት ካለፈ*፦ ከመስኮቱ ይልቅ መግቢያው ላይ የቆመውን ሠራተኛ በትሕትና ያናግሩ። ጥቂት ደቂቃ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያሳልፉዎታል፤ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግን አይከራከሩ።

6. ወደ አደባባዩ መውረድ (11፡05)

ከኮረብታው ሲወርዱ በካኖኒቻ መንገድ ይግቡና ወደ ግሮድዝካ ይውጡ። በቀኝ በኩል 12 ሐዋርያት በአጥር ላይ የቆሙበትን ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቡ ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ያለውንና ከከተማው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነውን የቅዱስ እንድርያስን ያያሉ። አይቁሙ፤ ፎቶ እየተራመዱ ያንሡ። በ11፡30 ባዚሊካው ጋ መሆን አለብዎት።

7. የቅድስት ማርያም ባዚሊካ (11፡30–12፡30)

ሁለት በር አለ። በአደባባዩ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ በር ለጸሎት ለሚገቡ ነው፤ በነጻ ነው፤ ግን መሠዊያው ፊት አያደርስም። ጎብኚ የሚገባው በደቡቡ ጎን በር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው እዚያው ትንሿን አደባባይ ተሻግሮ ነው። መጀመሪያ ትኬት፣ ከዚያ ሰልፍ። ሰው ሁልጊዜ ይገለብጠዋል፤ 20 ደቂቃ ተሰልፎ በሩ ላይ ይመለሳል።

ቸኩለን የመጣነው ለዚህ ነው፦ በ11፡50 ገደማ፣ ከእሑድ በቀር፣ አንዲት መነኩሲት ረጅም ዘንግ ይዛ ትመጣና የታላቁን መሠዊያ ክንፎች ትከፍታለች። መሠዊያውን ፋይት ሽቶስ የተባለ ቀራጭ እ.ኤ.አ. ከ1477 እስከ 1489 ሠርቶታል፤ ቁመቱ ወደ 13 ሜትር ነው። ሲዘጋ 12 ትዕይንቶች፣ ሲከፈት መካከሉና 6 ወርቃማ ትዕይንቶች ይታያሉ። እኛ ጥር 21 የምናከብረው የእመቤታችን ዕረፍት ነው መካከሉ ላይ ያለው። ግን አልጋ ላይ አልተኛችም፤ በጉልበቷ እየወደቀች ሐዋርያ ደግፏት ነው የምትታየው። ከራሷ በላይ ጣቶቹን አቆላልፎ የቆመውን ሐዋርያ ፈልጉ። የእጁ ደም ሥር ሳይቀር ከሊንደን እንጨት ወጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ቁጭ ብለው ለ10 ደቂቃ እሱን ብቻ ይዩ።

*11፡50 ካመለጠዎት*፦ የከሠሩት አከፋፈቱን ብቻ ነው። መሠዊያው እስከ ጉብኝቱ ማብቂያ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

*ቀብር ወይም ሠርግ ካለ*፦ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ከታች ወዳለው ቁጥር 8 አልፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሱ።

8. መለከቱና አደባባዩ (12፡45–13፡30)

በየሰዓቱ፣ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ፣ ከባዚሊካው ረጅም ማማ ላይ "ሄይናው" የሚባል መለከት ይነፋል። ነፊዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አራት ጊዜ በአራት መስኮት ይነፋል፤ ዜማውም ሳያልቅ ድንገት ይቆረጣል። አታጨብጭቡ፣ ገና ነው ብላችሁም አትጠብቁ፤ አልቋል። መለከት ነፊው በታታር ወራሪዎች ቀስት ተመትቶ ነው የሚለውን ተረት አስጎብኚዎቹ ሁሉ ይነግሩዎታል።

የ12፡00ው በሬዲዮ ስለሚተላለፍ ሁሉም ይሻማበታል። የ13፡00ው ያው ነው፤ ሰዉ ግን ግማሽ ነው። የሚቆሙት በገጣሚው ሚትስኪየቪች ሐውልት ደረጃ ላይ ይሁን፤ ወደ አደባባዩ የሚነፋበት መስኮት በቀጥታ ይታያል። የመለከቱ ጫፍ ከመስኮቱ ሲወጣ ታዩታላችሁ፤ ሲጨርስ እጅ ብታወዛውዙለት ይመልሳል። ሐውልቱ የከተማው ሰዎችም መቀጣጠሪያ ነው፤ ለቡድናችሁ የመገናኛ ቦታ አድርጉት።

መሐል ላይ ያለው ረጅም ሕንፃ ሱኪየኒትሴ፣ የጥንቱ የጨርቅ ገበያ ነው። ምድር ቤቱን ማለፍ በነጻ ነው። አምበር የሚገዛ ሰው የምስክር ወረቀት ይጠይቅ፤ ሻጩ ካቅማማ ይተውት።

ባለ ሁለት ፈረስ ጋሪ ላይ መውጣት የፈለገ ሰው ሦስት ነገር ሳይወጣ ይስማማ፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ለስንት ደቂቃ ነው፣ ለጋሪው ነው ወይስ በሰው? እኔ ፈረሶቹን በበጋ ሙቀት ቆመው ሳያቸው መውጣቱን ትቻለሁ።

9. ምሳ (13፡30)

አደባባዩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች ሁለት መንገድ ራቅ ይበሉ። "ባር ምሌችኒ" የሚባሉ ርካሽ ምግብ ቤቶች አሉ፦ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ይከፈላል፣ ደረሰኙ መስኮቱ ላይ ይሰጣል፣ በልተው ሲጨርሱ ሣህኑን ራስዎ ይመልሳሉ።

ለጾመኛ፦ "ፒየሮጊ" በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው፤ "ፒየሮጊ ሩስኪዬ" የድንችና የአይብ ነው፤ ከላይም የአሳማ ጮማ ሊበተንበት ይችላል። የሚያዋጣዎት "ፒየሮጊ ስ ካፑስቶን ኢ ግዥባሚ" ነው፤ ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ። ቅቤ እንዳይጨምሩ አስቀድመው ይናገሩ፤ ዝም ካሉ ይጨምራሉ። አሳማ ለማይበሉ፦ ሾርባው ሁሉ፣ አትክልት የሚመስለውም ጭምር፣ የሥጋ መረቅ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ። መንገድ ላይ በትንንሽ ጋሪ የሚሸጠው የቀለበት ዳቦ "ኦብቫዣኔክ" ጠዋት ሲገዛ ነው የሚጣፍጠው፤ ማታ ላይ ገመድ ይሆናል።

መጸዳጃ ቤት በር ላይ ጽሑፍ ላያገኙ ይችላሉ። ሦስት ማዕዘን የወንድ ነው፣ ክብ የሴት። ይህን ያልነገርኩት እንግዳ ሁሉ አንድ ጊዜ ተሳስቷል።

10. ከሰዓት በኋላ (14፡45–17፡00)

መጀመሪያ ኮሌጂየም ማዩስ ግቢ ይግቡ፤ በነጻ ነው። ኮፐርኒከስ የተማረበት የያጌሎ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ሕንፃ ነው። በ15፡00 ከሰዓቱ ውስጥ ትንንሽ ምስሎች ወጥተው ይዞራሉ፤ በ14፡55 ሰዓቱ ፊት ይቁሙ።

ከዚያ የፍራንሲስካውያን ቤተ ክርስቲያን። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከከተማው በሙሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ከገቡ በኋላ ዞረው ወደ ገቡበት በር ይመልከቱ። ከበሩ በላይ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ ነው፤ እግዚአብሔር አብ ሲፈጥር፣ አንድ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቶ። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት የደበዘዘ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታገኘው ሰማያዊውና ቢጫው ወለሉ ላይ ይፈስሳሉ። ጠዋት አይተው "ምንም የለውም" ያሉኝን ሁሉ በዚህ ሰዓት መልሼ ወስጃቸዋለሁ። ቅዳሴ ከተጀመረ ከኋላ ቁጭ ይበሉ፤ አይዙሩ፣ አያንሡ።

የቻርቶሪስኪ ትኬት ያለዎት አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍሎርያንስካ በር አካባቢ ይሂዱ፤ ሥዕሏ ትንሽ ናት፤ 54 በ39 ሴንቲ ሜትር። በሩንና ባርባካን የሚባለውን ክብ ምሽግ ከውጭ አይተው ይለፉ፤ ይበቃል።

ቻርቶሪስኪን ያልያዙ ደግሞ ወደ ካዚሚዬዥ ይውረዱ። ሼሮካ መንገድ ላይ የሬሙ ምኩራብና ጥንታዊ መቃብሩ አለ፤ ወንዶች ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ዓርብ ቀደም ብሎ እንደሚዘጋ አትርሱ። መቃብሩ ላይ የምታዩአቸው ትንንሽ ጠጠሮች የመታሰቢያ ናቸው፤ አታንሡ።

እሑድ ከሆነ

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይቀይሩ። ጠዋት በ9፡00 ቤተ መንግሥቱን ይዩ፤ ቫቬል ካቴድራል ለጎብኚ የሚከፈተው ከ12፡30 ነው፤ በመካከል ያለውን ጊዜ በወንዙ ዳርና ዘንዶው ጋ ያሳልፉ። ባዚሊካው ከ14፡00 ነው። ብዙ ሱቆች እሑድ ስለሚዘጉ ውኃና ስንቅ ቅዳሜ ማታ ይግዙ።

በዚያው ቀን የማይጨመሩ

የቪየሊችካ ጨው ማዕድን ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ወደ 800 ደረጃ አለው። የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ የነበረው አውሽቪትስ ደግሞ ከከተማው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ስም ያለበት ቀጠሮና መታወቂያ ይጠይቃል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በዚያ ቀን ሌላ ምንም አያቅድ።

11. ማታ፣ መመለሻው

ከጨለመ በኋላ አደባባዩ አካባቢ ጃንጥላ ይዘው "ኑ፣ ነጻ መጠጥ አለ" የሚሉ ወጣት ሴቶች ካጋጠሙዎት ሳይቆሙ ይለፉ። ገብተው ካርዳቸውን የሰጡ ሰዎች ጠዋት ላይ ሂሳባቸው ባዶ ሆኖ አግኝተውታል። የሆነ ነገር ከደረሰብዎት 112 ይደውሉ፤ ካርዱን ወዲያው ያሳግዱ።

ባቡርዎ ከመነሣቱ 30 ደቂቃ ቀድመው ጣቢያው ይድረሱ፤ ሻንጣውም ሱቁም ጊዜ ይወስዳሉ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ያያሉ፦ "ፔሮን" መድረኩ ነው፣ "ቶር" ሐዲዱ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፔሮን 3 እና ቶር 5 ካለ፣ መጀመሪያ መድረክ 3ን ይፈልጉ፣ እዚያ ከወጡ በኋላ 5 የተጻፈበት ጎን ይቁሙ። የእኔ እንግዶች 5 ቁጥርን ይዘው መድረክ 5 ላይ ቆመው፣ ባቡራቸው ከመድረክ 3 ሲሄድ እጅ አውለብልበውለታል።